ያን ጥላህን ከእግሬ ሥር አንሣልኝ

ጥቅምት 4

ለማይረሳው ታናሽ ወንድሜ፣ ለጭራሮ፤

ባሕር ማዶ ያለ ሰላምታ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ የኔው ግን ትኩስ እንደሆነ ይድረስህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የጉልበት ሕመም እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከገባ ውጣ ቢሉት አይሰማም። እናትህስ እንዴት ናቸው? አሁንም በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሾልካሉ? ዕድሜ ይጨምርላቸው። አንተንም የሰው ፊት ከማየት ያድንህ እያልኩ ስመርቅህ ነበር የኖርኩት፤ ለካስ ሥራህ ራሱ የሰው ፊት ማየት ሆኗል!

ሙዚየም ውስጥ የገቢ ማሰባሰብና የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ መሆንህን ከእህቴ ሰማሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ የተማረ ለማኝ ሆንክ ብዬ መጀመሪያ ሳቅኩ። ኋላ ግን፣ ጎበዝ፣ መስጠቴ ካልቀረ ለባዳ ከምሰጥ ለሥጋዬ ብሰጥስ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ፎቶ ቤት ዕቃ እህቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ነው የኖረው። ካሜራው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው፣ ኔጋቲቮቹ በየሣጥናቸው ደኅና ናቸው። የድልድዩ ምርቃት፣ የትምህርት ቤቱ መሠረት ሲጣል፣ የነጋዴዎቹ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ የአባቴ ሥራ ነው። እዚህ አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ በአባቱ ስም ክሊኒክ አስገነባ፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እኔ ያለኝ የጭነት መኪና ነው፤ የጭነት መኪና ላይ የአባት ስም ቢጻፍ ጭቃ ነው የሚለብሰው። ስለዚህ ዕቃውን በሙሉ ለሙዚየማችሁ ልስጥ፤ አዳራሽም ላሳድስ፤ በአባቴ ስም ይጠራ። የልጅ ልጆቼ ስማቸውን እንኳ በቅጡ አይጠሩትም። ሳልሞት ግድግዳ ላይ ልይላቸው።

መልሱን አታዘግይብኝ።

ጋሼህ

ኅዳር 29

ለተከበሩ ጋሼ፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይመልስልዎ። እናቴ ደኅና ናት፤ ክሩን ግን አሁን እኔ ነኝ የማሾልክላት። ደብዳቤዎን ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ ኩባያዋን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ሰላም ብላዎታለች ብዬ መጻፍ ይቀለኝ ነበር፤ አላለችም።

መልሴ የዘገየው ዕቃው መታየት ስለነበረበት ነው። የቅርስ ስብስብ ኃላፊያችን ኔጋቲቮቹን በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሳምንታት ቆየችባቸው። ምስጋና የምትቆጥብ ሴት ናት። አንድ ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ “ይህ ሰውዬ ፊት ያውቃል” አለችኝ። የምትለው ስለ ፎቶ አንሺው ነው። ለአዳራሹ ያሰብነው በምሥራቅ በኩል ያለውን ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደቅንበትን። የእርስዎ ገንዘብ ባልዲውን ያስነሣልናል። ዳይሬክተሩም በአካል እንዳመሰገኑዎ ይቁጠሩልኝ ብለዋል።

ሥራዬን ልመና ስላሉት አንድ ነገር ልበል። ለማኝ የሰጠውን ሰው መርቆ፣ ጥጉን ሲዞር ይረሳዋል። የእኔ ሥራ አለመርሳት ነው። አንድ ሰው “ይህ ሥዕል በመስኮቱ ትይዩ ይሰቀል” ብሎ ከሰጠ፣ ሰጪው ቢሞት፣ መስኮቱ ቢሰበር፣ ሥዕሉ እዚያው ነው። የሰጪ ቃል በእኔ ዘንድ አይሸራረፍም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳልሸፋፍን አቀርበዋለሁ። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር “ፎቶ አንሺ” የሚል መስመር አለ። ሌላ ማስረጃ ከሌለ በዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው ሰጪው ያለው ነው። ከፎቶዎቹ ጀርባ ያለው ማኅተም የአባትዎ ነው። ግን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ፎቶ ቤቱ የአባትዎ ነበር። ከካሜራው ኋላ ጨርቅ ተከናንቦ የቆመው፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ኬሚካል ሲያማስል ዓይኑን የጨረሰው ግን ታናሽ ወንድማቸው፣ አባቴ ነው።

አዳራሹ በአባትዎ ስም ይጠራ፤ ቅር አይለኝም። በዚያች መስመር ላይ ግን የአባቴን ስም ልጻፍ። ሌላ የምጠይቅዎ የለም።

ታናሽዎ

ታኅሣሥ 11

ለጭራሮ፤

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህን ሳነብ የሳቅኩት ሳቅ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። ያቺን ነገር እስካሁን ይዘሃት ነው? ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ድመት አፍንጫ ቀዝቃዛ ነህ አንተ!

አባቴ ለአባትህ ያሉትን በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼአለሁ። አባትህ “አንዷ ላይ እንኳ ስሜ ይግባ” ሲሉ፣ “ካሜራው የኔ፣ ወረቀቱ የኔ፣ ፀሐይዋ የፈጣሪ። ያንተ ጣትህ ብቻ ናት” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አባትህ ሲነሡ “ጣት” ነበር የሚባሉት። አትቀየም፣ የፍቅር ነው። ዳቦ ቤት የተቀጠረ ሰው ዳቦው ላይ ስሙን ይጽፋል ወይ?

ማኅተሙ የሚለውን ጻፍ። ሙታንን አታሟግት። ለአዳራሹ የመጀመሪያውን ክፍያ ልኬአለሁ፤ ባልዲህን አንሣ።

ጋሼህ

ጥር 20

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። ክፍያው ደርሷል፤ ጣሪያው ተከፍቷል፤ ባልዲው ተነሥቷል።

“ጣት” ያሉትን ለእናቴ አላነበብኩላትም። ለራሴ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ አንድ ዓይኑን በፋሻ ሸፍኖ ከሐኪም ቤት ሲመለስ የፎቶ ቤቱ ቁልፍ ተቀይሮ ያገኘው ዕለት፣ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ደጋግሞ እየሞከረ “ዓይኔ ነው፣ ቀዳዳውን አልለየሁትም” ይል ነበር። ቁልፉ የተቀየረ መሆኑን ያመነው ከውስጥ ሳቅ ሲሰማ ነው። የወጣት ሳቅ ነበር። የማን እንደነበር አልጠይቅዎትም።

ነገሩን ለዳይሬክተሩ አቅርቤ ነበር። “ማስረጃ አለህ?” አሉኝ። የለኝም። “እንግዲያው የቤተሰብህን ኩርፊያ ከሥራህ ለይልኝ” አሉኝ። ለይቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ለጋሻችን ነዎት፤ እኔም የለጋሽን ፈቃድ የምፈጽም ሠራተኛ ነኝ።

ስለዚህ የሚፈልጉትን አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ከኔጋቲቮቹ የትኞቹ ይመረጡ? በምን ያህል መጠን ይታተሙ? የነሐስ ሰሌዳው ምን ይበል? እስከ መቼ ይቆይ? የጻፉት ሁሉ በስጦታው ውል ውስጥ እንዳለ ይገባል። እኔ አንዲት ፊደል አልጨምርም፤ አልቀንስም። ይህን በክብሬ አረጋግጥልዎታለሁ።

ታናሽዎ

የካቲት 2

ለጭራሮ፣ ለልባሙ፤

ተባረክ! አሁን ገና የአጎቴ ልጅ ሆንክ። እኔ እኮ እንደ ልጅነትህ ታኮርፍና አንድ ዓመት ትዘጋኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።

እሺ፣ ጻፍ። አባቴ ያሉባቸው ፎቶዎች ብቻ ይሰቀሉ። የማንም ሠርግ፣ የማንም ክርስትና ለኔ ምኔ ነው? አዳራሹ የሳቸው ከሆነ ሰው በዞረበት ሁሉ እሳቸውን ይይ። መጠኑ ደግሞ የቁመታቸው ያህል ይሁን፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አለብን።

ጫማቸውን ታስታውሳለህ? ነጭና ቡናማ፣ ባለ ሁለት ቀለሙን? ከተማው ውስጥ እንደዚያ ያለ ሁለተኛ ጫማ አልነበረም፤ መንገድ ሲያቋርጡ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሊስትሮዎች ተነሥተው ነበር የሚያዩት። እኛ ቤት ባለው አልበም ግን አንድም ፎቶ ላይ የለም። ሁሉም ከጉልበት በታች ተቆርጧል። አባትህ ወረቀት ለመቆጠብ ይሁን ለምቀኝነት፣ በዚያ በመቁረጫቸው እየላጩ ነው የጣሉት። እግራቸውን መልሱልኝ! ኔጋቲቩ ላይ ያለው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታተም። ማንም እንዳይቆርጠው፣ ዛሬም፣ ወደፊትም።

ሰሌዳው እንዲህ ይበል፦ “በዚህ አዳራሽ ያሉት ፎቶግራፎች በሙሉ የአባታችን የእጅ ሥራ ናቸው”። ከሥሩ ሙሉ ስማቸው። ለዘላለም የሚል ቃል ይግባበት። ዳይሬክተር በተቀየረ ቁጥር ስም እንዳይቀየር። እኔም ሆንኩ ልጆቼ ልናስነሣው አንችልም በልበት። ልጆቼን አላምናቸውም፤ ነገ ገንዘብ ሲቸግራቸው ነሐሱንም ይሸጡታል።

ጋሼህ

መጋቢት 15

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ውሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የጻፉት ሁሉ ገብቶበታል፤ “ለዘላለም” የሚለውም፣ “እኔም ሆንኩ ልጆቼ” የሚለውም።

የስብስብ ኃላፊዋ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። “ሰውዬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታተም ያሉት ኔጋቲቮቹን አይተው ነው?” አለችኝ። “የጻፉት እንደዚያ ነው” አልኳት። አየችኝና ኔጋቲቮቹን ወደ ሣጥናቸው መለሰች። በእኛ ሥራ ለጋሽን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ደንብ ስለሆነ እኔም እጠይቃለሁ፦ ሳይቆረጥ መታተሙን በእርግጥ ይፈልጉታል? ኔጋቲቮቹን ማየት ቢሹ ልልክልዎ እችላለሁ።

ታናሽዎ

ሚያዝያ 3

ለጭራሮ፤

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ይልቅ ለጤናዬ ጸልይልኝ። ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎኛል፤ ምርቃቱ ላይ አልገኝም።

ያባቴን ፎቶ አይቼ ነው የምፈቅደው? አባቴን እኮ ነው! ከጫፍ እስከ ጫፍ ብያለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ፈርሜ ልኬልሃለሁ። ንግግሬንም ጽፌአለሁ፤ አንተ አንብብልኝ። ድምፅህ እንደ አባትህ ቀጭን ስለሆነ ጮክ በል።

ጋሼህ

ሰኔ 9

ምንድን ነው ያደረግከው?

እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሰው ሳቀ አለችኝ። በአባቴ ምርቃት ላይ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ! የላከችልኝን ፎቶ አየሁት። ያ እግራቸው ሥር የተጋደመው ጥቁር ነገር ምንድን ነው? ጫማቸው የታለ? ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ ጫማቸውን እንኳ አላሳየኸኝም!

ዛሬውኑ አውርድልኝ። ስማቸውንም አንሣ።

ሰኔ 24

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለጋሽ በምርቃት ላይ ካልተገኘ የሆነውን በዝርዝር ማሳወቅ ከሥራዬ አንዱ ነው። እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ።

ቀኑ ብራ ነበር። አዳራሹ የኖራ ቀለሙ ገና ይሸታል። እንግዳው ከጠበቅነው በላይ መጣ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አባትዎ በአራቱም ማዕዘን በቁመታቸው ቆመዋል። ድልድዩ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በነጋዴዎቹ መካከል፣ በአዲሱ መኪናቸው አጠገብ። አንዱም ላይ አልጎደሉም። እንዳዘዙት ነው።

ንግግርዎን ጮክ ብዬ አነበብኩት። “አባቴ እነዚህን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ በገዛ ዓይናቸው አይተው፣ በገዛ እጃቸው አነሡ” የሚለው ዘንድ ስደርስ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ እጃቸውን አወጡ። ክፍል ውስጥ ያሉ ነው የመሰላቸው።

“ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። እኚህ የቆሙት ሰውዬ አይደሉም ወይ ያነሡት?”

“ናቸው” አልኩ።

“እዚያኛው ላይ ያሉትስ?”

“እሳቸው ናቸው።”

“ከኋላዬስ?”

“በሁሉም ላይ እሳቸው ናቸው፣ እማማ። የለጋሹ ፈቃድ ነው።”

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። “ታዲያ ካሜራውን ማን ያዘው?”

ጋሼ፣ እኔ አልመለስኩም። ንግግርዎ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረምና፣ እኔ ደግሞ አንዲት ፊደል አልጨምርም ብያለሁ። ከኋላ አንድ ሰው፣ “እጃቸው ረጅም ነበረ ይሆናላ!” አለ። ሳቁ ያኔ ነው የተነሣው። ዳይሬክተሩ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ አንዷ ወጣት ወደ ግድግዳው ተጠግታ፣ “ኧረ እግራቸው ሥር እዩ!” ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ።

የጠየቁኝ ጥቁር ነገር ይህ ነው። አባቴ ውጭ ሲያነሣ ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ይጠብቅና ከጀርባው ያደርጋት ነበር። ስለዚህ የገዛ ጥላው ከፊቱ ረዝሞ ይወድቃል፤ ጫፉ ከሚነሣው ሰው እግር ላይ ደርሶ ጫማውን ያጠቁረዋል። ጨርቅ የተከናነበ፣ ያጎነበሰ ሰው ጥላ ነው፤ ሁለት የራሱ እግር፣ ሦስት የማቆሚያው። አባትዎ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሲያዩ ምን እንዳሉት ልጻፍልዎ፤ ይህን እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ያልሰሙት ይመስለኛል። “ያን ጥላህን ከእግሬ ሥር አንሣልኝ” ነው ያሉት። አባቴም ከዚያ በኋላ የታተመውን ሁሉ ከጉልበት በታች ይቆርጥ ነበር። ወረቀት ለመቆጠብ አልነበረም። ምቀኝነትም አልነበረም። ትእዛዝ ነበር። ጫማዎቹ አብረው ሄዱ።

እርስዎ እግራቸውን መልሱልኝ ሲሉ፣ ጥላው አብሮ ተመለሰ። ኔጋቲቮቹን ልላክልዎ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር።

ፎቶዎቹን አውርድ ያሉትን በሚመለከት፣ ውሉ “ዛሬም፣ ወደፊትም” ይላል። ስማቸውን አንሣ ያሉትን በሚመለከት፣ “እኔም ሆንኩ ልጆቼ” ይላል። የሰጪ ቃል በእኔ ዘንድ አይሸራረፍም።

ደስ የሚል ዜናም አለኝ። ጎብኚው በዝቷል። አዳራሹን ግን በአባትዎ ስም የሚጠራው እስካሁን አልገጠመኝም። “ባለ አምስት እግሩ የታል?” ብለው ነው በር ላይ የሚጠይቁት።

የገቢ ማሰባሰብና የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ

ነሐሴ 17

ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ጭራሮ አልልህም፤ ጭራሮ እሳት እንደሚያያይዝ ዘንግቼ ኖሬአለሁ።

ጠበቃ አማከርኩ። ውሉን አንብቦ፣ “ይህን ያስጻፈው ጠላትዎ ነው ወይ?” አለኝ። እኔው ነኝ አልኩት። የቀረውን ክፍያ አልክም ብልህ ትከሰኛለህ?

የልጅ ልጄ የአዳራሹን ፎቶ ከስልኳ አሳየችኝ። “አያቴ፣ ቅድመ አያቴ የቱ ነው? ጥላው ነው?” አለችኝ። እስቲ አሁን ምን ልበላት? ሰሌዳውን ብቻ አንሣልኝ። ፎቶዎቹ እዚያው ይቆዩ፤ ጥላውም ይቆይ። ያ ነሐስ ነው የሚያስቀው። ያ ነሐስ ባይኖር አንድ ሰው ተነሣ፣ ሌላው አነሣ፤ ምን ነውር አለው? እባክህ። በእናትህ ይዤሃለሁ።

ጋሼህ

መስከረም 30

ለተከበሩ ጋሼ፤

መልካም ጤና እመኝልዎታለሁ። የቀረውን ክፍያ ባይልኩ አንከስዎትም። የአባትዎ ስም ያለበት አዳራሽ ግማሽ ወለሉ ያልተነጠፈው ለምን እንደሆነ ግን ጎብኚ በጠየቀ ቁጥር በትክክል እንመልሳለን።

በእናቴ የያዙኝን በሚመለከት፣ እናቴ ቁልፉ በተቀየረ ዕለት በፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ አባቴን ክንዱን ይዛ የቆመች ሴት ናት። በእሷ ከመያዝ በሌላ ይያዙኝ።

ውሉን መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ሁሉም ለዘላለም ነው። ክፍት የቀረች አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ከፎቶዎቹ ሥር ያለችው “ፎቶ አንሺ” የምትለዋ መስመር። እሷን እርስዎ በውሉ አላነሷትም፤ ስለዚህ በሙዚየሙ ደንብ ነው የምትገዛው፤ ደንቡም የሰጪው ቃል ይላል። በማንኛውም ጊዜ በእጅዎ ጽፈው ቢልኩልኝ በማግስቱ ትታረማለች። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ደንባችን ነው ብዬዎታለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። ይህ ሁለተኛው ነው።

የገቢ ማሰባሰብና የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ

ግንቦት 21

ለሙዚየሙ የገቢ ማሰባሰብና የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ፤

በአባቴ ፎቶ ቤት የተነሡትን ፎቶግራፎች በሙሉ ያነሣቸው አጎቴ ነው። አባቴ አንድም አላነሡም፤ ካሜራው በየት በኩል እንደሚከፈትም አያውቁም ነበር።

የጠየቁኝን ጽፌአለሁ። እርስዎም ያቺን ሰሌዳ በተመለከተ ሰው ይሁኑ። የቀረውን ክፍያ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

ሰኔ 18

ለተከበሩ ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ክፍያውም ደርሷል፤ ወለሉ ተነጥፏል። ሙዚየማችን ከልብ ያመሰግናል።

መስመሯ በማግስቱ ታርማለች። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አሁን የአባቴ ሙሉ ስም አለ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ማንበብ ስለሚቸግራት በጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። በሙዚየም ዕቃ መንካት ክልክል ነው፤ ጥበቃው ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ከዚያ ድልድዩ ላይ በተነሣው ፊት ለፊት ቆማ አባትዎን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። “ሲያምሩ!” አለች። ስለ አባትዎ ከአፏ መልካም ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ጥላውን አሳየኋት። ስም ቢነፍጉት በጥላው ፈርሟል፣ ተበቅሏቸዋል አልኳት። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነበር የማምነው።

“የምን ፊርማ?” አለችኝ። “ፀሐይዋን ከጀርባው ካላደረገ የወንድሙ ፊት ይጨልማላ። አንድ ቀን እኔም ያን ጥላ ለምን አትሸሸውም ብዬው ነበር። ‘እኔ ልጥቆር፣ እሱ ይብራ’ አለኝ። ይወደው ነበር እኮ፣ አታይም? ያልወደደ ሰው እንዲህ አድርጎ ያነሣል?”

ይህን ልጽፍልዎ አልፈለግሁም ነበር። ለእርስዎ አይገባዎትም፤ ለአባትዎም አልተገባቸውም ነበር። ግን እኔ ቆርጬ አልጥልም።

ሰሌዳውን በሚመለከት ሰው ይሁኑ ብለውኛል። በአንድም ደብዳቤዬ ላይ ሰሌዳውን አነሣለሁ ብዬ ቃል አልገባሁልዎትም፤ መለስ ብለው ያንብቡ። ዳይሬክተሩም ትናንት ጠርተውኝ፣ “ላይ ያለው ነሐስና ታች ያለው መስመር ተጣሉብን እኮ። የትኛው ነው እውነቱ?” አሉኝ። “ሁለቱም የሰጪው ቃል ናቸው” አልኳቸው።

በዚህ ዓመት ለአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ያስፈልገናል። ሰው መጀመሪያ ላዩን፣ ቀጥሎ ታቹን ያነብና፣ እንደገና ላዩን ያነባል፤ ቆሞ ይደክመዋል። ሊረዱን ቢፈቅዱ ደስ ይለናል።

የአባትዎ ስም በቦታው አለ። ነሐሱን በየጠዋቱ እንወለውለዋለን፤ አንዲት ፊደል አትደበዝዝም።

የአጎትዎ ልጅ